በአንድ ጎን የተጫነ ጭንቅላት

ሰው ዣንጥላውን ይረሳል፣ ሰው ምርኩዙን ይረሳል፤ እኔ የምረሳው በቅሎዬን ነው። አንድ ቀን ሰቆጣ ገበያ ዳር አሰርኳትና ለሚስቴ ነጠላ ልገዛ ገባሁ። ነጠላውን ረሳሁና በርበሬ ገዛሁ። በርበሬዬን ተሸክሜ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ «በቅሎዋስ?» ብትለኝ «የትኛዋ?» አልኳት። ስንት በቅሎ ያለኝ ይመስላችኋል? አንድ።

ያኔ ገና አርባ ዓመት አልሞላኝም። ብዕሬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የመሥሪያ ቤቱን መሳቢያ ሁሉ ስገለባብጥ የምውል ጸሐፊ ነበርኩ። የገዛ ልጄን የክርስትና ቀን ረስቼ አምደወርቅ ድረስ ለቅሶ ልደርስ ሄጃለሁ፤ ስደርስ ደግሞ የሞተው ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ ዝም ብዬ ከሰው ጋር አለቀስኩ። ይህን አስቀድሜ የምናዘዝላችሁ፣ ኋላ የሚመጣውን ስትሰሙ «ይህን ሰው ምን ነክቶት ነው?» እያላችሁ እንዳትደክሙ ነው። ምንም አልነካኝም። አፈጣጠሬ ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ጭንቅላት የተሸከምኩ ሰውዬ፣ ከሥራ ስወጣ ጠጅ ቤት ተቀምጬ ስለ ጭንቅላት አስተምር ነበር። «ጭንቅላት ማለት ጎታ ነው» እላለሁ፣ ብርሌዬን ከፍ አድርጌ። «ጎታ ልኩ አንድ ነው። ገብስ ብቻ ብትጨምርበት ገብስህን ታወጣለህ። ገብስና ጤፍ ቀላቅለህ ብትጨምርበት ግን ስታረጅ ማን ይለቅምልሃል?» ገብሱ አማርኛ ነው፤ ጤፉ ያገሬው ቋንቋ፣ ኽምጣኛ። የኛ አገር ደግሞ ሰው ቤቱ በኽምጣኛ ተጣልቶ ዳኛ ፊት በአማርኛ የሚታረቅበት አገር ነው። «ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ቶሎ ይጃጃል! ሁለቱ እዚህ ውስጥ ሲታገሉ ይውላሉ፤ በመካከሉ የሚረገጠው አእምሮ ነው!» ብዬ ግንባሬን ስመታ፣ ጠጪው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጠኝና እርስ በርሱ በኽምጣኛ ተነጋግሮ ይስቃል። እኔ አድናቆት መስሎኝ ሌላ ብርሌ አዝዛለሁ።

እኔማ ሰቆጣ ተወልጄ ሰቆጣ ያደግሁ፣ ከአማርኛ በቀር የማላውቅ፣ በዚህም የምኮራ ነበርኩ። ሚስቴ የፃግብጂ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው። የልጆቼ ጭንቅላት እንዳይረገጥብኝ ብዬ በቤቴ ኽምጣኛ እንዳይነገር ከለከልኩ። ሚስቴ «እሺ» አለች። የኛ አገር ሴት ሳትከራከር «እሺ» ስትል መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ስወጣ በኽምጣኛ፣ ስገባ በአማርኛ ሲጫወቱ እንደኖሩ ያወቅሁት ልጆቹ ጢም ካወጡ በኋላ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ እማሆይ ደብሬ፣ ፃግብጂ ይኖሩ ነበር። አሞሌ ነጋዴ ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሴት ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ሰቆጣ ፊደል ስቆጥር ስንቄን በየአሥራ አምስት ቀኑ በአህያ ጭነው ይልኩልኝ የነበሩ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ስሜን የምጽፈው በሳቸው ገብስ ነው ብል አልዋሸሁም።

አንድ ቀን ለገበያ የመጣ የሰፈራቸው ገበሬ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥቶ «ስጦታው እማሆይን ከሰሳቸው» አለኝ። ስጦታው ማለት ማሳው ከማሳቸው የሚዋሰን፣ ከአንድ አቅኚ አባት የምንወለድ የሩቅ ዘመዳችን ነው። ክሱ እንዲህ ነው፦ እማሆይ ጃጅተዋል፤ ለብቻቸው ሲያወሩ ይሰማሉ፣ ያውም በሁለት ቋንቋ፤ ርስት ማስተዳደር አይችሉምና ሞግዚት ይሾምላቸው። ሞግዚቱስ ማን ይሁን? ስጦታው! ከተፈረደለት ገብሱ ማሳ ወደሱ ይዞራል፤ እማሆይም ቤታቸውን ዘግተው የስጦታው ጓዳ ይገባሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጥቢያ ዳኛው ከሽማግሌዎች ጋር ሊሰሙ ቀጥረዋል።

«እማሆይ ምን አሉ?» አልኩት።

«'ምሶሶውን ባሌ ያቆመው ቤት ነው። ከዚያ ብወጣ ወደ መቃብሬ እንጂ ወደ ሰው ጓዳ አልገባም፤ ልጄን ጥሩልኝ፣ እሱ ተምሯል' ብለዋል።»

እሱ ተምሯል! ሆዴ ባባ። ደግሞም ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም የስጦታው ክስ ቃል በቃል እኔ ጠጅ ቤት የማስተምረው ነበር። «ወይኔ፣ እማሆይ በእውነት ጃጅተው ይሆን?» እያልኩ ሐሙስ ፃግብጂ ገባሁ።

ስደርስ ጥጃ ያስራሉ። «ጥጃዋን ከወይራው ሥር አሰርኳት» አሉ ለራሳቸው በአማርኛ። ከዚያ ያንኑ የሚመስል ነገር በኽምጣኛ ደገሙ። ጎተራ ዘግተው ቁልፉን ሲያስቀምጡም እንደዚያው፤ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ። ልቤ ስንጥቅ አለ። «እማሆይ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አልኳቸው።

«ከማን ጋር አወራለሁ? ነገሬን እየጫንኩ ነው እንጂ» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ በአንድ ጎን ብቻ የተጫነች አህያ አይተህ ታውቃለህ? ዳገቱን ሳትጋመስ ትገለበጣለች። ባሌ አሞሌውን ግራና ቀኝ እኩል አድርጎ ነበር የሚጭን። እኔም ካረጀሁ ወዲህ ነገሬን በሁለት ጎን ነው የምጭነው። ባንዱ ቢፈታብኝ በሌላው እይዘዋለሁ።»

ይህን የመሰለ ነገር ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ብልህ ይባላል። እኔ «ይኸው! የሚያስከስስዎ ይኸው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ እሑድ፣ በዚያ ግቢ ኽምጣኛ የሚባል ነገር እንዳይሰማ አዋጅ አወጣሁ። ዳኛው ፊት ጥርት ባለ አማርኛ ብቻ ይናገራሉ፤ ያን ጊዜ ማን ጃጁ ይላቸዋል?

እማሆይ ቆባቸውን አስተካክለው ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ተምረሃል» አሉ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ሳስባት ታንገበግበኛለች።

ዓርብ ውቂያ ነበር። የእማሆይ እኩል አራሽ ገብሬ በሬዎቹን አውድማው ላይ እያዞረ በኽምጣኛ ያዜምላቸዋል። አዋጁን አነበብኩለት።

«ጌታዬ፣ በሬዎቹ አማርኛ አይሰሙም እኮ» አለኝ።

«ይልመዱ!» አልኩት።

ገብሬ አለንጋውን በሁለት እጁ አስረከበኝና እርቆ ተቀመጠ። እኔ አውድማው መሀል ገባሁ። «ሂድ!» አልኩ። በሬዎቹ ቆመው አዩኝ። «እባካችሁ ሂዱ!» አልኩ፤ ለነገሩ ከሰው በሬ ጋር ጨዋነት አይከፋም። ትልቁ በሬ እምቧ አለና ጆሮውን አራገበ። አለንጋውን ባጮህ ጊዜ ግን ተንቀሳቀሱ፤ ይንቀሳቀሱ እንጂ አልዞሩም። ቀጥ ብለው ከአውድማው ወጡ፣ ድንበሩን አለፉ፣ የስጦታውን የገብስ ክምር መሀሉን ገብተው ይግጡ ጀመር። እኔ ከኋላቸው «ተመለሱ! ኧረ ስለ እግዚአብሔር!» እያልኩ እሮጣለሁ። ገብሬ ከተቀመጠበት ሳይነሳ በኽምጣኛ አንዲት ነገር ብሎ ቢጣራ ሁለቱም ቀና ብለው እየተግተለተሉ ተመለሱ። ስጦታው ክምሩን ዞሮ አየ፤ እኔንም አየኝ። የተበላውን ነዶ ቆጥሮ ሄደ።

እማሆይስ? አዋጄን አክብረው በአንድ ጎን ብቻ ይጭኑ ጀመር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጎተራው ቁልፍ ጠፋቸው። ቅዳሜ «ያቺን... እ... ያቺን አምጣልኝ» ብለውኝ፣ ያቺ ማን እንደሆነች ስንፈላለግ ድስት ሆና ተገኘች። ኽምጣኛው ምላሳቸው ጫፍ ድረስ ይመጣል፤ እኔ እጄን አጨበጭባለሁ፤ እሳቸው ይውጡታል። ቀልጣፋዋ ሴት በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ አሉ። እኔ ምን አልኩ? «አይ እርጅና! እንኳን ቶሎ ደረስኩ!» አልኩ። ሐኪም ነኝ ብሎ መርዝ የሚያጠጣ ሰው እንዲህ ሳይል አይቀርም።

ለማንኛውም ብዬ ቅዳሜ የዘር ቆጠራውን በወረቀት ጻፍኩት። በኛ አገር ርስት የሚሟገት ሰው ከአባቱ ጀምሮ አገሩን እስካቀናው አባት ድረስ ቆጥሮ ካላደረሰ አፉን ይዘጋል። ሰባት አባት ናቸው። የሳቸው አባቶች የኔም አባቶች ናቸው፤ አሳፋሪው ነገር ሰባቱንም አላውቃቸውም ነበር። እማሆይ በአማርኛ እየተደናቀፉ አስጻፉኝ። ወረቀቷን አጥፌ «ደህና ቦታ» አስቀመጥኳት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ዳኛው ጋቢያቸውን ደርበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ በግራና በቀኝ። ስጦታው ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። ሰውየው መናገር ይችልበታል።

«ጌቶቼ፣ እማሆይን እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ግን በሬያቸውን እንኳ መጠበቅ አቅቷቸው ከትናንት ወዲያ ክምሬን አስበሉት።» እኔ ወደ መሬት አየሁ። «ለብቻቸው በሁለት ቋንቋ ያወራሉ። ሁለት ቋንቋ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ይታገላል፤ አእምሮ ይረገጣል፤ ጎታ ገብስና ጤፍ አንድ ላይ አይዝም።»

ጎታ ሲል ጀርባዬን ላብ አጠመቀኝ።

«ይህን ከማን ሰማኸው?» አሉ ዳኛው።

«ከተማረ ሰው ነው ጌታዬ። ሰቆጣ ጠጅ ቤት ሲያስተምሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።» ዞር አለና በእጁ አመለከተ። «እነሆ፣ እዚሁ ከእማሆይ ጎን ተቀምጠዋል!»

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሕዝቡ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እማሆይም ዞሩ። ተቆጥተው ቢሆን በተሻለኝ፤ የገረማቸው ነው የሚመስሉት።

ዳኛው «እሺ እማሆይ፣ ነገሩ እንዲያጥር አባቶችዎን ይቁጠሩልንና አእምሮዎን እንይ» አሏቸው። እማሆይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ደብሬ የብሩ፣ ብሩ የመርሻ፣ መርሻ የወልዴ፣ ወልዴ...» ቆሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ኽምጣኛው ሊመጣላቸው እንደሆነ አውቄ ራሴን ነቀነቅሁ። አዩኝና ዋጡት። «ወልዴ... የ... » አንዲት ሴት «እግዚኦ» ስትል ሰማሁ። ስጦታው ከንፈሩን መጠጠ፣ ያዘነ ይመስል። የእማሆይ ቤት፣ የባላቸው ምሶሶ፣ ጥጃዋ ሁሉ ከዚያ ዝምታ ውስጥ ሲሄድ ታየኝ።

ዘልዬ ተነሳሁ። «ጌታዬ፣ እኔ የወንድማቸው ልጅ ነኝ፤ በጽሑፍ ይዤዋለሁ!» እጄን ኪሴ ከተትኩ። የለም። በሌላው ኪሴ። የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኙ ወረቀቱን ለቅቄዋለሁ። ኋላ ከበቅሎዬ ኮርቻ ሥር ተገኘ፤ «ደህና ቦታ» ያልኩት እሱን ኖሯል። አሁን ግን ቆሜያለሁ፤ ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

«በቃሌ እቆጥራለሁ!» አልኩ። ምን አስባለኝ! «ብሩ የመርሻ፣ መርሻ የወልዴ፣ ወልዴ የ... የመርሻ...»

«ወልዴ የልጁ ልጅ ሆነ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ይቅርታ፣ ወልዴ የ... የጓንጉል!» ስሙ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ብቻ ሲመጣልኝ ደስ አለኝና ደገምኩት። «አዎ! የጓንጉል! ጓንጉል ነው አገሩን ያቀናው!»

ስጦታው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለ። ጓንጉል የስጦታው አያት ኖሯል። እንግዲህ በእኔ አቆጣጠር ርስቱ ከነዋርካው የስጦታው ሆነ ማለት ነው። ሞኝ የአባቱን ቤት ሲወርሩ አብሮ ይወርራል የተባለው ለኔ ነው እንጂ ለማን ነው!

ዳኛው አገጫቸውን ይዘው እማሆይንና እኔን እያፈራረቁ አዩን። «እኔ የቸገረኝ» አሉ፣ «ከሁለቱ የጃጀው የትኛው እንደሆነ ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ። እማሆይም ሳቁ። ሲስቁ የሆነ ነገር የተፈታላቸው መሰለኝ፤ ቀና አሉ። «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ ወዶኝ ነው፤ ግን ሦስት ቀን በአንድ ጎን ብቻ ጫነኝ። ሁለተኛውን ጎን ይፍቀዱልኝ» አሉ።

«ማን ከለከለዎት?» አሉ ዳኛው።

እማሆይ ጀመሩ። በኽምጣኛ፣ አባታቸው አውድማ ላይ እያዜመ ያስተማራቸውን በዚያው ዜማ። ሳይቆሙ፣ ሳይተነፍሱ፣ አባት ባባት ላይ እየደረቡ ወረዱት። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ያንኑ በአማርኛ ቆጠሩት። አማርኛው አሁን ከኽምጣኛው ኋላ ተከትሎ ፈሰሰ፤ ወልዴም የገዛ አባቱን አገኘ። ከዚያ የእናታቸውን ወገን በአማርኛ፤ በአማርኛ የሰሙት ነውና። አንድ ስም ቢጠፋባቸው ወደ ኽምጣኛው ተሻግረው ይዘውት ይመለሳሉ። ቀጥለው የስጦታውን ቆጠሩለት፤ እሱ ራሱ ሦስተኛው ላይ የሚያቆመውን። አላበቁም። «እርስዎም ሩቅ አይደሉም» ብለው የዳኛውን ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ዳኛው ጋቢያቸውን ገፈፍ አድርገው «ይህን እኔም አላውቀው!» አሉ።

ከዚያ እማሆይ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ዋርካው ሥር ያለ ሰው ሁሉ፣ ዳኛው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ስጦታው ሳይቀር፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የገብሬን ክንድ ጎተትኩና «ምን አሉ?» አልኩት።

«'ሰቆጣ ድረስ ገብስ የላክሁለት እንዲህ ባዶ ጎታ ሆኖ እንዲመለስ ነበር?' ነው የሚሉት» አለኝ፣ እንባውን እየጠረገ።

ዳኛው ከሽማግሌዎቹ ጋር ብዙም አልተማከሩም። «እማሆይ ርስታቸው ላይ፣ ቤታቸው ውስጥ ይኖራሉ። ስጦታውም ዘመድ ነውና ይቅርታ ይጠይቅ። ሞግዚት ይሾም የተባለው ግን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። የሚሾመው ለጸሐፊው ነው። ሞግዚቱም እማሆይ ደብሬ ናቸው።»

ስጦታው ድንጋይ ተሸክሞ እግራቸው ላይ ወደቀ። እማሆይ አነሱትና «ለገብሱ ብለህ ከሆነ መጥተህ ብትጠይቀኝ በሰጠሁህ ነበር» አሉት። እኔ ደግሞ ከኋላው ተራዬን እየጠበቅሁ ድንጋይ እፈልግ ነበር።

ዳኛው የቀለዱ መስሏችሁ ይሆናል። እማሆይ ግን ፍርድ ቀልድ አያውቅም አሉ። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ስንቄ ይመጣበት በነበረው መንገድ ወደ ላይ እየወጣሁ ፃግብጂ እሄድና ኽምጣኛ እማራለሁ። ቤቴ ስመለስ ልጆቼ አነጋገሬን እየሰሙ ትራስ ውስጥ ይስቃሉ፤ ሚስቴ «እሺ» ትለኛለች። ጠጅ ቤትም ጎታዬን ዘግቻለሁ። ሁለት ቋንቋ የቻለ አይጃጅም ብዬ ደግሞ አዲስ ትምህርት አልጀመርኩም፤ የደብራችን መሪጌታ ከነግዕዙ ሦስት ይችላሉ፣ የገዛ ቤታቸውን በር ግን ይስታሉ። እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምናገር፦ እማሆይ በአንድ ጎን ሲጫኑ ተንገዳገዱ፣ በሁለት ጎን ሲጫኑ ቀጥ አሉ።

ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ቅዳሜ እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ እኔ እፊታቸው ቆሜ፣ ሰባቱን አባቶች በኽምጣኛ ቆጠርኩ። ከዚያ በአማርኛ። ወልዴም የልጁ ልጅ ሳይሆን፣ ጓንጉልም ሳይገባበት፣ ዳር ደረስኩ። የእማሆይ ዓይን እንባ ሞላ። «ልጅ ሳልወልድ ቀርቼ፣ ይህ ስም ከኔ ጋር ይቀበራል ብዬ ስፈራ ነበር የኖርኩ» አሉ። «ቤቱንስ ቢያስለቅቁኝ ሌላ ቤት ይገኛል። የፈራሁት ይህንን ነው። አሁን ጭነቱ ተስተካክሏል፤ ንዳው።»

ተሳለምኳቸውና ወጣሁ። ቁልቁለቱን እየሮጥኩ ነበር ማለት ይቻላል። አባቶቼን በግራ በኽምጣኛ፣ በቀኝ በአማርኛ እየጠራሁ፣ ጭንቅላቴ ሞልቶ፣ ደረቴ ተነፍቶ ወንዙ ድረስ ወረድኩ። ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ስል ነው በእግሬ እየሄድኩ እንደሆነ የታወቀኝ።

ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። እማሆይ በሰማንያ ስንት ዓመታቸው ከነቆባቸው መንገድ ዳር ቆመው፣ የበቅሎዬን ልጓም ይዘው ይጠብቁኛል።

«በየትኛው ቋንቋ ነው የረሳሃት?» አሉኝ።

«በሁለቱም፣ እማሆይ» አልኳቸው።